ልጅ ይዞ ጣና ላይ፦ እኛ ጎንደሬዎች የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው «ሐይቅ እኮ ነው፣ ባሕር አይደለም» ማለት ነው። ጣና ርዝመቱ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ነው። ጎርጎራ ቆማችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ ማዶው አይታይም። ዳሩ ላይ ያለው ከተማ ባሕር ዳር የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ማርፈድ ነው። ቡና ተጠጥቶ፣ አክስት ተጠብቃ፣ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርገን ጎርጎራ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። መንገዱ እኮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት ይቻላል። ጠዋት ውኃው መስታወት ነው። ከሰዓት የብሱ ሲግል ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ደግሞ ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ነው፤ ትንሽ ጀልባ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይደርስባታል።

ሦስተኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የስድስት ዓመት ሴት ልጄን የአዋቂ ላይፍ ጃኬት (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) አልብሼ «አለቀ» አልኩ። ጀልባ ነጂው ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ እስቲ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዘህ ወደ ላይ ሳበው» አሉኝ። ሳብኩት። ጃኬቱ ጆሮዋን አልፎ ወጣ፤ ልጅቷ መሬት ቀረች። «ውኃ ውስጥም ያው ነው» አሉ። የልጅ ጃኬት በኪሎዋ ልክ ይመረጣል፤ በእግሮቿ መሐል የሚያልፍ ማሰሪያም ቢኖረው ጥሩ ነው። የዚያን ቀን በልኳ አልተገኘም። ዳር ላይ ዓሣ በልተን ተመለስን። አልቅሳለች። ታልቅስ!

ጉማሬ ብቅ ሲል ሁሉም ስልኩን ይዞ በአንድ ጎን መነሳቱስ? ጀልባ ላይ ብድግ አይባልም። ወደ ጉማሬው «ትንሽ ጠጋ በልልን» ማለትም ይቅር፤ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል።

ሌላው፣ ለክፉ ቀን የሚሆነውን ሁሉ ከዕቃ ሥር መቅበር ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሮበርትሰን ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በባለ ሸራ ጀልባ ፓስፊክን ሲያቋርጥ ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ጀልባዋን ነደሏት። በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። ይዘው የወጡት እጃቸው የገባውን ብቻ ነው፦ ሽንኩርት፣ ብርቱካን፣ ሎሚ። ከዚያ በዝናብ ውኃና በኤሊ ሥጋ 38 ቀን ቆይተው የጃፓን ዓሣ አጥማጆች አገኟቸው። የእኛ ጉዞ የሰዓታት ነው። ቢሆንም ስልክ፣ የሚጠጣ ውኃና ፊሽካ በላስቲክ ተጠቅልለው ከእናንተ አጠገብ ይቀመጡ።

ገዳም ለመሳለም ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ሴት አያስገቡም። እናትና ሴት ልጅ ፀሐይ ላይ ጀልባ ሲጠብቁ መዋል የለባቸውም።

በመጨረሻ፣ ሳትሳፈሩ መቅዘፊያ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። እምቦጭ ውኃ ውስጥ በሚሽከረከረው የሞተሩ ክንፍ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ ቀጥ ይላል። መቅዘፊያ ከሌለ ያው ነፋሱ ወደወሰደው መሄድ ነው።