ቅስት የብረት መጋዘን በደቦ እንዴት ይቆማል

ከኮሎራዶዋ አውሮራ በስተምሥራቅ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ቁራሽ መሬት አለኝ። የምነዳው የጭነት መኪና የሚያድረው እዚያ ነው። ሁለት የብርድ ወራት በረዶ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ስጠግነው ከቆየሁ በኋላ፣ ጣሪያውና ግድግዳው አንድ ሆኖ እንደ ቅስት የታጠፈ የብረት መጋዘን ገዛሁ። ፋብሪካው ላሜራውን አጥፎ፣ ቀዳዳውን በስቶ ይልካል፤ ገዢው ብሎን እያሰረ ያቆመዋል። እኛም ከወንድሞቼና ከጓደኞቼ ጋር በደቦ አቆምነው። ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመጀመሪያው ሙከራ ግን ተንጋዶ ስለነበር ያሰርነውን ፈተን እንደገና ሠርተነዋል። ከዚህ በታች ያለው ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለው ነው።

የዚህ ቤት አመጣጥ ስለ አሠራሩ ብዙ ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1916 የብሪታንያ ጦር የመሐንዲስ መኮንን የነበረው ፒተር ኒሰን ቆርቆሮ በብረት ጎድኖች ላይ የሚታሰርበት ግማሽ ክብ የወታደር መኖሪያ ነደፈ። ስድስት ሰዎች በአራት ሰዓት ያቆሙት ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቢያንስ 100,000 ተሠርቷል። በ1941 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኳንሴት ፖይንት አጠገብ የራሱን ዓይነት አሠራ። ሥራውን የያዘው የጆርጅ ፉለር የግንባታ ኩባንያ ነበር፤ የንድፍ ቡድኑን የመራው አርክቴክት ኦቶ ብራንደንበርገር ይባላል። አሜሪካውያን እስከ ዛሬ ማንኛውንም ቅስት የብረት ቤት «ኳንሴት» የሚሉት ከዚያ ቦታ ስም የተነሣ ነው። ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ150,000 በላይ ተመርተው እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ተጫኑ። ከጦርነቱ በኋላም በሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ 750 ያህሉ ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች ቤተሰቦች ለዓመታት ኖረውባቸዋል።

የዛሬዎቹ ከእነዚያ የሚለዩበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። የኒሰንም ሆነ የባሕር ኃይሉ ቤት የብረት ጎድን ነበረው፤ ቆርቆሮው ልብስ ብቻ ነበር። አሁን በብዛት የሚሸጠው ጎድን የለውም። በጥልቅ የተሸበሸበው ላሜራ ራሱ ሸክሙን ይሸከማል። ስለዚህ ቤቱ ቅርጹን የሚያገኘው ከእያንዳንዱ ብሎንና ከእግሩ ሥር ካለው መስመር ነው። ወደ አሠራሩ ስንደርስ ይህን አስታውሱ።

1. ስፋቱን ከበሩ ተነሥታችሁ ምረጡ

ብዙ ሰው የመሬቱን ስፋት አይቶ ያዝዛል። ስህተት ነው። ሙሉ ግማሽ ክብ የሆነ፣ 30 ጫማ ስፋት ያለው ቤት መሐሉ ላይ 15 ጫማ ከፍታ አለው፤ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ከጎኑ ሁለት ጫማ ገባ ብላችሁ ስትቆሙ ግን ከፍታው 7 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። መሐል ፊቱ ላይ 12 ጫማ ስፋት ያለው በር ብታስገቡ፣ በበሩ ማዕዘን በኩል ቅስቱ የሚደርሰው 13 ጫማ ከ9 ኢንች ነው። ለጭነት መኪና የሚሆን 14 ጫማ ከፍታ ያለው በር አይገባም ማለት ነው። እኔ ይህን በወረቀት ላይ ስላሰላሁት ጎኑ ከሥር ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከላይ የሚታጠፈውን ዓይነት አዘዝኩ፤ 30 ጫማ በ40 ጫማ። የእህል ወይም የትራክተር ማስቀመጫ ለሚፈልግ ሰው ግማሽ ክብ የሆነው ይበቃዋል።

2. ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃድ

ወደ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የግንባታ ቢሮ ሄዳችሁ በቦታችሁ ምን ያህል የበረዶ ክብደትና የነፋስ ፍጥነት እንደሚጠየቅ ጠይቁ። ከዚያ ለሻጩ ያንን ቁጥር ስጡትና በመሐንዲስ የተፈረመ ስዕል አስመጡ። የላሜራው ውፍረት በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል፤ 22 ጌጅ ከ18 ጌጅ ይሳሳል። ስልክ ላይ «ሌላ ደንበኛ የሰረዘው ነው፣ ዛሬ ካልከፈልክ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ስልኩን ዝጉ። ለእኔም እንዲህ ተብሎኝ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ ስደውል ያው ዋጋ ጠበቀኝ።

3. መሠረቱ

እኛ ባለንበት በዴንቨር ከተማ አካባቢ መሬቱ በብርድ እንዳያነሣው መሠረት እስከ 36 ኢንች ጥልቀት ይወርዳል። ይህን ክፍል ለባለሙያ ስጡት። ቆፋሪና ኮንክሪት ሞይ መቅጠር ያሳፍራል ብዬ አላምንም፤ ብረቱን ራሳችሁ ማቆማችሁ በቂ ቁጠባ ነው።

ባለሙያው ሲሠራ ግን አጠገቡ ቁሙ። ቅስቱ የሚቆምበት ቦታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በኮንክሪቱ ላይ የሚታሰር ብረት ሆኖ ቅስቱ በብሎን ይያዝበታል። ሁለተኛው በኮንክሪቱ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ቦይ ነው፤ የቅስቱ እግር እዚያ ውስጥ ይገባና መጨረሻ ላይ በሲሚንቶ ሙሊት ይታሰራል። የእኔ ቦይ ያለው ነው። ሁለቱ ቦዮች ፍጹም ትይዩና በውሃ ልክ እኩል መሆን አለባቸው። ማዕዘኑን ለመፈተሽ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ለኩ። 30 በ40 የሆነ ቤት ሁለቱም ሰያፎች ልክ 50 ጫማ ይመጣሉ። አንዱ 50 ሆኖ ሌላው ሁለት ኢንች ከበለጠ ኮንክሪቱ ሳይፈስ ቅርጹን የሚይዘውን እንጨት አስነቅሉት። አናጺው ቢቆጣም አስነቅሉት።

ሌላው በችኮላ የሚረሳ ነገር የእግሩ ቅብ ነው። ላሜራው በአሉሚኒየምና በዚንክ ቅልቅል የተለበጠ ስለሆነ ከዝናብ ጋር ይስማማል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ግን ይበላዋል። ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ሁሉ ከመቆሙ በፊት በሬንጅ ቀቡት።

4. ቅስቶቹን መሬት ላይ መግጠም

የእያንዳንዱን ቅስት ቁራጮች በንጹሕ ወለል ላይ ዘርግታችሁ በብሎን ያዙ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ ቀላል ነው። ጓንት ግን አትርሱ፣ የላሜራው ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

5. ማቆምና መያያዝ

ሙሉው ጽሑፍ ለዚህ እርምጃ ነው ማለት እችላለሁ።

መጀመሪያ በወለሉ ጠርዝ፣ በቀኝም በግራም፣ በየ24 ኢንቹ በኖራ ወይም በቀለም መስመር አስምሩ። አንድ ቅስት 24 ኢንች ስፋት ስላለው፣ ለ40 ጫማ ሃያ ቅስት ማለት ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቅስት እግሩን ቦዩ አጠገብ አድርጋችሁ አስተኙት። ከቅስቱ አናት ላይ ገመድ እሰሩ፤ ሁለት ሰው እግሮቹን ይያዝ፣ አራት ሰው ይግፋ፣ ሁለት ሰው ከወዲያ በገመድ ይሳብ። እንደቆመ ወዲያው በአራት አቅጣጫ በወጠር እሰሩት። ብቻውን የቆመ ቅስት ሸራ ማለት ነው፤ ነፋስ ያለበት ቀን ሥራ አትጀምሩ። ሁለተኛውን አንሥታችሁ ጠርዙን በመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ደርቡና ብሎን አስገቡ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሦስቱ ሲያያዙ ትንሽ ይረጋጋሉ፤ ወጠሩን ግን አትፍቱ።

አሁን ወደ እኔ ስህተት። የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሆነን ተሰበሰብን። ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች፣ ቡናው ፈላ፣ ሥራው ደርቶ ነበር። አንድ ቅስት በቆመ ቁጥር እኔ በባትሪ በሚሠራው የብሎን ማጥበቂያ ከታች እስከ ላይ ዳዶውን አጠብቅ ነበር። ጠንካራ እንዲሆን ነበር ሐሳቤ፤ ነፋሱንም እፈራ ነበር። ዘጠነኛውን ስናነሣ የግራው ቀዳዳ አልገጥም አለ። ሾጣጣ ብረት አስገብቼ በመዶሻ ገፋሁት፤ ቀዳዳው ተቀደደ። ያን ጊዜ ነው ወደ ምልክቶቹ ያየሁት። ስምንቱ ቅስቶች በቀኝ በኩል ልክ 16 ጫማ ላይ ነበሩ። በግራ በኩል አራት ሴንቲ ሜትር አልፈውታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የተሸበሸበ ላሜራ እንደ አኮርዲዮን ነው፤ ስትጎትቱት ይከፈታል፣ ስትገፉት ይጠባል። በየቅስቱ ግማሽ ሴንቲ ያህል ሲከፈት ዓይን አያየውም። ብሎኑን ወዲያው ስታጠብቁት ግን ያንን ግማሽ ሴንቲ ትቆልፉታላችሁ፤ የሚቀጥለው ቅስትም የሱን ጥመት ይዞ ይጀምራል። በስምንት ቅስት አራት ሴንቲ ሆነ፤ እስከ ሃያኛው ብንቀጥል አሥር ሴንቲ ይሆን ነበር፤ የፊቱ ግድግዳና በሩም በፍጹም ባልገጠሙ። አንዱ ጎን ሲቀድም ቅስቱ ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘ ቅስት ደግሞ የበረዶ ክብደት ሲመጣ እንደተነደፈው አይሸከምም።

መፍትሔው ብሎን ሁሉ በጣት ብቻ ተይዞ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ቅስት በቆመ ቁጥር አንድ ሰው በቀኝ፣ አንድ ሰው በግራ እግሩን ከመሬቱ ምልክት ጋር ያስተያይ፤ ሦስተኛው ከአናቱ ቱምቢ ጥሎ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መዘንበሉን ይይ። ካለፈ በጣውላ ላይ በቀስታ እየመታችሁ መልሱት። ብሎኑ ላላ ያለ ስለሆነ ይታዘዛል። ይህን በየአንዱ ቅስት አድርጉ። በየአምስቱ ቢሆን ይበቃል ያለኝ ሰው ነበር፤ እኔ አልስማማም።

ያሰርኩትን ብሎን ሁሉ ለመፍታት ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀብን። የተቀደደውን ላሜራ ፋብሪካው በክፍያ ተካልኝ። ማጥበቂያውን መኪናው ውስጥ ቆልፌ ሃያዎቹንም በጣት አሰርን።

6. ማጥበቅ፣ የፊት ግድግዳ፣ ሙሊት

ሃያውም ሲቆም ርዝመቱን በሁለቱም ጎን እንደገና ለኩ። እኩል ከሆነ አሁን አጥብቁ። ማጥበቂያውን በዝቅተኛ ኃይል ተጠቀሙ፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ የላስቲክ ቀለበቱ ይጨፈለቅና ውሃ ያስገባል። የፊትና የኋላ ግድግዳ በስዕሉ መሠረት ይገባል። ቦዩን በሲሚንቶ መሙላት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም። የማይኮማተር ሙሊት ግዙ፣ ከውጭ በኩልም ውሃ እንዳይቆም ወደ ውጭ ዘንበል አድርጋችሁ ጨርሱት።

7. ላቡን መከላከል

ባዶ የብረት ቅስት ያልባል። በጥር ጠዋት መኪናውን አሙቄ ስወጣ ከጣሪያው ጠብታ ሲወርድ መጀመሪያ ቀዳዳ ያለው መስሎኝ ሲሊኮን ይዤ ወጣሁ። ቀዳዳ አልነበረም፤ ሞቃት እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። በሁለቱም ፊት የአየር መውጫ አድርጉ፤ አቅም ካላችሁ ደግሞ ከውስጥ የሚረጭ ፎም አስቀቡ። እኔ እስካሁን ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማልቆጨው በፎሙ ነው። የሚያስተጋባውን ድምፅም ይቀንሳል።

በዚህ ቅርጽ ሰዎች ብዙ ነገር ሠርተውበታል። በአሜሪካዋ ናሽቪል የሙዚቃ አዘጋጁ ኦወን ብራድሊ በ1950ዎቹ ከገዛው ቤት አጠገብ ያቆመው ኳንሴት የታወቀ የሙዚቃ ስቱዲዮ ሆነ። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ደግሞ ጣሊያናዊ የጦር እስረኞች ሁለት የኒሰን ቤቶችን ጫፍና ጫፍ ገጥመው ጸሎት ቤት አደረጉት፤ ውስጡን ዶሜኒኮ ኪዮኬቲ የተባለው እስረኛ በሥዕል ሸፈነው። ዛሬም ቆሞ ጎብኚ ይቀበላል። እኔ የግድግዳውን አንድ ጥግ ለቡና ማፍያ ለይቻለሁ፤ ደቦው ሲጠራ እዚያ እንቀመጣለን።

መጀመሪያ በረዶ የጣለበት ዓመት ካለፈ በኋላ በሚያዝያ መሰላል ይዤ ቅስቶቹን ሁሉ ዞርኩ። አሥራ አንድ ብሎን ላልቶ አገኘሁ፣ ሁሉም በሰሜን በኩል፣ ነፋሱ በሚመታው ጎን። በእጅ ቁልፍ አጠበቅኳቸውና ቦታቸውን በቀለም ምልክት አደረግኩ። በየሚያዝያው መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።