ጎጃም ውስጥ ቤት ስንመርጥ፦ ኪራይንና አየርን ስንመዝን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ የገባነው በነሐሴ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ግቢው አረንጓዴ፣ ኪራዩም በሰፈሩ ካየናቸው ቤቶች ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ቀብዱን በዚያው ዕለት ከፈልን። ጥር ሲደርስ የሦስት ዓመት ልጃችን ሌሊት ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። በመጋቢት ቤት ስንቀይር ከኪራይ የቆጠብነው ገንዘብ ለሐኪም፣ ለመድኃኒትና ለዕቃ ማጓጓዣ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኢንጅባራም በባሕር ዳርም ተከራይቼ ኖሬአለሁ። የምንተነፍሰውን አየር ከከተማው ስም ይልቅ የሚወስነው ግቢው ውስጥ የሚነደው እሳት እንደሆነ የተማርኩት በልጄ ደረት ነው። ሌላው ሰው እንደ እኔ እንዳይማረው ብዬ ነው የምጽፈው።

“አየሩ ጥሩ ነው” ሲባል አምኖ መቀበል

በቋንቋችን “አየር” የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ደላላው “አየሩ ተስማሚ ነው” ሲል ስለ ሙቀትና ብርድ መናገሩ ነው፤ ስለ ጭስና አቧራ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ሞቅ ትላለች፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኢንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ ብርዳቸው ይታወቃል። ብርድ ግን ንጽሕና አይደለም። እንዲያውም ቀዝቃዛ አገር ላይ እሳቱ ቶሎ ይነሳል፣ ዘግይቶ ይጠፋል፣ መስኮቱም ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል።

ለሳንባ የሚያሰጋው የጭስ ብናኝ በዓይን አይታይም። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ፣ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ሃያ እጥፍ በላይ የቀጠነ ነው፤ ስለዚህ እስከ ሳንባ ጥግ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሻሻለው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ቀድሞ 10 ነበር። ደጋ መሆን ከዚህ ብናኝ አያድንም።

ቤቱን በክረምት፣ በረፋድ አይቶ መዋዋል

የእኛ ስህተት ይህ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል፣ አቧራውን ከመሬት ጋር ያጣብቀዋል፤ ጎጃም በሙሉ ንጹሕ ይመስላል። ያው መንገድ በየካቲት ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ደመና ያነሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከበላዩ ያለው ሞቅ ያለ አየር እንደ አክምባሎ ይከደንበታል። የየቤቱ ጭስ ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው በጣሪያዎች ከፍታ ላይ ተኝቶ ያድራል። በማለዳ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ከተማ ያየ ሰው ያንን ሰማያዊ ንጣፍ ያውቀዋል።

በኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድም አለን። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ ያስተማረን የጽዳት ልማድ ነው፣ አከብረዋለሁ። ዛሬ ግን የሚታጠነው ቅጠልና ጭራሮ ብቻ አይደለም፤ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክም አብሮ ይነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው።

ስለዚህ ቤቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እራት በሚያበስልበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። በክረምት ለመከራየት ከተገደዳችሁ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ አትክፈሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በከተማችሁ መሥራት አለመሥራቱን ቀበሌ ጠይቁ።

ስለ ምጣዱ አለመጠየቅ

ከሁሉም ስህተት ከባዱ ይህ ነው፤ ማንም ሲያነሳው ስለማልሰማ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ተከራይ ስለ ውኃ ይጠይቃል፣ ስለ መብራት ይጠይቃል፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ይጠይቃል። “የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀም ይቻላል?” ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ብዙ ርካሽ ግቢ ውስጥ መልሱ “አይቻልም” ነው። አከራዮች ያለ ምክንያት አይከለክሉም። አንድ የእንጀራ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል አራት መቶ ያህል አንድ ላይ እንደማብራት ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ግቢ ሁለት ምጣድ ከተሰካ መስመሩ ይግላል፣ ፊውዙ ይቃጠላል፣ በሒሳቡም ጎረቤት ይጣላል።

ተከልክሎ የሚቀር እንጀራ ግን የለም። ምጣዱ ሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል፤ ወጡ በከሰል ይሠራል። በዚያ ግቢ አምስቱም ቤተሰብ በየተራ በአንዲት ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ባሕር ዛፍ ያነድዳሉ፤ ማድ ቤቷም ከመኝታ ክፍሉ የምትለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ፣ አንዳንዴም በመጋረጃ ብቻ ነው። አባቶቻችን ማድ ቤቱን “ጭስ ቤት” ያሉት ያዩትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከምግብ ማብሰያ በሚወጣ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከፊት የሚቀመጡት እሳቱን የምታነድደው እናትና ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃን ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የመጀመሪያው ቤት ኪራዩ ዝቅ ያለ ነው፣ ምጣድ ግን አይፈቀድም። ሁለተኛው ከፍ ይላል፣ የራሱ ቆጣሪ አለው። ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ያነጻጽራል። በመጀመሪያው ቤት ኪራይ ላይ ግን የወሩን ከሰል በጆንያ፣ እንጨቱን በሸክም ቆጥራችሁ ደምሩበት። እንጀራ ከገበያ የምትገዙ ከሆነ እሱንም ጨምሩ። በሁለተኛው ላይ ደግሞ የመብራቱን ሒሳብ ደምሩ። እኛ ይህን የጻፍነው ዘግይተን ነው፤ ስንደምረው ርካሹ ቤት ከውድ ቤቱ የሚለየው በጥቂት መቶ ብር ነበር፣ የሐኪሙ ሳይቆጠር።

መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ከሰል ማንደድ አይቀርም፤ ይህን አውቃለሁ። አልፎ አልፎ ማንደድና በየቀኑ ማንደድ ግን አንድ አይደሉም። ቤቱን ከመቀየር በፊት እሳቱን መቀየርም ይቻላል፦ ከአከራይ ጋር ተነጋግሮ ለምጣድ ብቻ ቀን መደልደል፣ ከሲሚንቶ የሚሠራውን “ምርጥ” የተባለውን የእንጀራ ምድጃ በጋራ መግዛት፣ የማድ ቤቱን ግድግዳ ከፍ አድርጎ መብሳት። ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱን ግን ጨርሶ አያጠፋውም፤ መውጫ ሊበጅለት ይገባል።

ቤቱን እንጂ ጎረቤቱን አለማየት

ወፍጮ ቤት ብናኝ ያመጣል፣ በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ጥቀርሻም ይጨምራል። የእንጨት ሥራ ቤት፣ መናኸሪያ፣ ጠጠር መፍጫ፣ ዳቦ ቤት፤ ሁሉም የሰው እንጀራ ነው፣ አጠገቡ መተኛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ አረቄ የሚወጣበትን ግቢ ለዩ። እሳቱ በሳምንት ብዙ ቀን ለሰዓታት ሳይቋረጥ ይነዳል። ባለሙያዋ በዚያ ልጆቿን የምታሳድግ ብርቱ ሴት ናት፤ ስለዚህ ገብታችሁ ከሰነበታችሁ በኋላ ከእርሷ ጋር መጣላት አይገባም። አስቀድማችሁ ሂዱና “እመቤት፣ በሳምንት ስንት ቀን ያወጣሉ?” ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ።

ከከተማ በራቅሁ ቁጥር ንጹሕ አየር አገኛለሁ ማለት

በከተማ ዳር ያሉ አዳዲስ ሰፈሮች ኪራያቸው ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ ግን አስፋልቱም ኮብልስቶኑም አልደረሰላቸውም፤ በበጋ አቧራው ማዕድ ላይ ይቀመጣል። የባጃጁ ሒሳብም በቀን አራት ጊዜ ሲመላለሱ የኪራዩን ቅናሽ ይበላዋል።

አዊ ውስጥ፣ በኢንጅባራና በፋግታ ለኮማ ዙሪያ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። አፈሩን ያለመለመ፣ ቤተሰብን ከችግር ያወጣ ሥራ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገር ግን አፈር ለብሶ ለቀናት የሚጤስ የከሰል ክምር ከነፋስ በላይ በኩል ካለ፣ ደን መሃል ተቀምጦም ያስላል። ኢንጅባራ ስንኖር በአንዳንድ ሳምንት ልብሳችን ሁሉ ከሰል ከሰል ይሸት ነበር።

የጣና ዳር ቤትም እንዲሁ ነው። ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ደስ ይላል። ሌሊት ግን ይገለበጣል፤ የከተማውን ጭስ ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ዳር ያለውም ሰው ይቀበለዋል። በቀን ጎብኝታችሁ ለዚያ ነፋስ ብላችሁ ተጨማሪ ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ማታ ቁጭ በሉበት።

በስልክ ላይ ባለ ቁጥር መወሰን

ስልካችሁ ለባሕር ዳር ወይም ለደብረ ማርቆስ የሚያሳየው የአየር ጥራት ቁጥር ባመዛኙ በሳተላይትና በስሌት የተገመተ ነው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ጎኑ አርባ ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ቦታ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ሐይቁንና መናኸሪያውን አንድ የሚያደርግ ቁጥር ስለ ግቢያችሁ ሊነግራችሁ አይችልም። የማድ ቤቱ ጣሪያ ምን ያህል እንደጠቆረ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ጥቀርሻው የዓመታት መዝገብ ነው።

ከሰሉ ከነደደ በኋላ አይጎዳም ብሎ ክፍል ውስጥ ማስገባት

በዚህ ላይ ምንም መመዘን አያስፈልግም። ፍም የሆነ ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ሰው ይዘናጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ርካሽ ክፍል ብዙ ጊዜ አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ አለው፤ በደጋው ብርድ እሱም ይዘጋል። መስኮቱ የማይከፈት ክፍል በነጻ ቢሰጣችሁም አትግቡበት። ለሙቀት ብርድ ልብስ ይደረብ፣ ምድጃው ደጅ ይደር።

ለአየሩ ብሎ ከአቅም በላይ መክፈል

ይህም ስህተት ነው። ኪራዩ የልጆቹን ወተትና እንቁላል ከወሰደ ንጹሑ አየር ብቻውን አያሳድጋቸውም። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ ግን ክፍሉ ይጥበብ እንጂ አየሩን አስቀድሙ። እኛ አሁን ባሕር ዳር የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው። የራሱ ቆጣሪ አለው፣ ሁለት ትይዩ መስኮቶች አሉት። እንጀራ በምጣድ ቅዳሜ ጠዋት እንጋግራለን፤ ልጃችንም ዘንድሮ ጥርን ሳታስል አለፈችው።