ታሪኩ ሲነገር የማይስብን ፊልም ስለ መምረጥ

ድሬዳዋ ውስጥ ፍላሽ ይዞ ፊልም የሚያስጭን ሰው፣ ባለሱቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረውን ታሪክ ብቻ ሰምቶ «ይቅርብኝ» ባይል ይመረጣል። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ማን እንደጻፈውና ማን እንዳዘጋጀው መጠየቅ ይሻላል፤ ሲወራ የማይረባ የሚመስል ታሪክ በጥሩ ጸሐፊ እጅ ሲገባ ሌላ መልክ ይይዛልና። ምግብ ስለሚያበስል አይጥ የሚተርከው «ራታቱዊ» እ.ኤ.አ. በ2007 ለእይታ በቅቶ የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን አግኝቷል። የአዘጋጁ የሲድኒ ሉሜት «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (እ.ኤ.አ. 1957) ደግሞ፣ ከጥቂት ትዕይንቶች በቀር፣ 12 ሰዎች በአንድ ክፍል ተዘግቶባቸው በአንድ ተከሳሽ ጉዳይ ከመከራከር ያለፈ ነገር የለውም፤ ሆኖም አንደኛው ለማስረጃ ከቀረበው ቢላ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቢላ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲሰካው ክፍሉ በሙሉ ይናወጣል፣ ካሜራውም ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ሲሄድ ጣሪያው የሚጫን ይመስላል። (ሰዎቹን በክፍሉ ሙቀት የሚያጠምቃቸውን ላብ ለማመን የድሬ ሰው አይቸገርም።) አዘጋጁን ማወቅ ካልተቻለ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች መመልከት ይበቃል፤ ገጸ ባሕርያቱ ችግራቸውን ከልብ ከያዙት ፊልሙን መጨረስ፣ በገዛ ታሪካቸው የሚቀልዱ ከሆነ ግን ከፍላሹ አጥፍቶ ሌላ ማስጫን ነው።