በልጆች ልብስ ላይ የተሳለ አደይ አበባ ለምን ይላጣል?

ይህ ለእንቁጣጣሽ በልጆች ነጭ ቀሚስና ሸሚዝ ላይ አደይ አበባ በእጅ ለምትስሉ ነው። የብሩሽ አያያዙን ታውቁታላችሁ ብዬ ልጀምር።

ችግር፦ አበባው በመጀመሪያው እጥበት ተላጠ

ለጥገና የሚመጣልኝ ልብስ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሁሉም ቀለሙን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ጨርቁ ላይ ነው።

አዲስ ጨርቅ፣ በተለይ አቡጀዲ፣ ስታርች ጠጥቶ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ቀለሙ ክሩን ሳይሆን ስታርቹን ይይዛል። ውኃ ሲነካው ስታርቹ ይሟሟል፣ አበባውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ከመሳላችሁ በፊት አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ጨርቁ ገና ነው። በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ማለስለሻ እንዳትጨምሩ! ክሩን ይሸፍነውና ቀለም አያስገባም። አንዲት እናት «ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ» ብላ አጥብቃ ተከራከረችኝ። እውነቷን ነበር፤ ግን የማለስለሻው ሽታ ከልብሱ ላይ ገና አልለቀቀም።

ሌላ ቀሚስ ደግሞ ደረቱ ላይ ያለው አበባ እንዳለ ነው፣ ጉርዱ ላይ ያለው በሙሉ ረግፏል። ቀለሙ አንድ፣ የሳለው እጅ አንድ። ከሁለቱም፣ ስፌቱ ውስጥ ከታጠፈው ጨርቅ ክር መዝዤ ለኮስኩ። የደረቱ አመድ ሆነ። የጉርዱ ቀልጦ ጠጣር ኳስ ሆነ። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ሲያጥረው በፖሊስተር ሞልቶታል፣ ለእናትየው ግን «ንጹሕ ጥጥ» ብሎ ሸጦላታል። ይህ ያናድደኛል። ተራ የጨርቅ ቀለም ፖሊስተር ላይ አይቆይም።

ጨርቁ ደህና ከሆነ ካውያውን ጠይቁ፤ ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያጸናው የካውያው ሙቀት ነው። በነሐሴ ዝናብ የተሳለ ልብስ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው። በበጋ አንድ ቀን፣ በክረምት ሁለት ቀን አቆዩት። ከዚያ ያለ እንፋሎት፣ በግልባጩ፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ አልብሳችሁ ተኩሱት። ለእያንዳንዱ አበባ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ስጡት፣ ካውያው ግን አንድ ቦታ አይቁም። የቀለሙ ማሸጊያ ሌላ ደቂቃ ካዘዘ እሱን ተከተሉ። ጥለቱ ወርቅማ ክር ካለው ካውያው አይድረስበት፤ ይቀልጣል። መብራት ሲጠፋ ፀሐይ ላይ አስጥተው «ያው ነው» የሚሉ አሉ። ያው አይደለም።

ከተተኮሰ በኋላም ቢያንስ ለ3 ቀን ውኃ አይንካው። ለዚህ ነው ጳጉሜ ላይ የሚመጣ ሥራ የማልቀበለው።

አንዴ የተላጠውን በሙጫ አትለጥፉ። የላላውን ቀለም ፍቃችሁ አንሱ፣ ልብሱን በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ ከቀድሞው ትንሽ ሰፋ ያለ አበባ በላዩ ሳሉ።

ችግር፦ የአበባው ጠርዝ ፈሰሰ

ብሩሹ ውኃ በዝቶበታል። በጨርቅ አድርቁት። ከልብሱ ሥር ካርቶን ካላደረጋችሁ ደግሞ ቀለሙ ጀርባው ላይ ይወጣል።

ችግር፦ ተሰነጠቀ

ቀለሙ ወፍሯል። በስሱ ሁለት ጊዜ መቀባት ይሻላል።

ችግር፦ ቢጫው ደበዘዘ

ባለቀለም ጨርቅ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ነጭ አልብሱት፣ ሲደርቅ ቢጫውን ድገሙ። ነጭ ልብስ ላይ ከሆነ ቅጠሉን የሳላችሁበት ብሩሽ አረንጓዴ ይዟል። ለቢጫ የራሱን ብሩሽ መድቡ።

የግድግዳ ዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥነው የልጅ ልብስ ላይ የሚስሉ አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ! ሕፃን እጅጌውንና አንገትጌውን ይጠባል። በውኃ የሚቀጥን፣ ለጨርቅ የተሠራ ቀለም ብቻ ተጠቀሙ። ጥርስ ለሚያበቅል ልጅ ከሆነ በእሱም ቢሆን አንገትጌና እጅጌ ጫፍ ላይ አትሳሉ። መሐል አበባው ላይ ጨሌ መለጠፍም ይቅር፤ ይነቀልና አፉ ውስጥ ይገባል።

ልብሱን ስታስረክቡ አስተጣጠቡን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፦ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ በእጅ፣ ያለ በረኪና። በቃል የተነገረ ነገር ለሚያጥበው ሰው አይደርስም።