ስለ ብር፣ ስለ ዶላርና ስለ ኑሮ ውድነት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ወሬው ኢኮኖሚ ሆኗል። ደስ ይለኛል፤ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ግን ደጋፊም ተቃዋሚም እኩል የሚሳሳታቸው ነገሮች አሉ።

«የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲባል «ዋጋ ወረደ» ብሎ መረዳት

ዜናው ንረቱ ቀነሰ ይላል። ከገበያ የተመለሰች እናት ደግሞ «የቱ ጋ ነው የቀነሰው?» ትላለች። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ንረት የሚለካው ዋጋ የሚጨምርበትን ፍጥነት ነው። 100 ብር የነበረ ዕቃ 30 በመቶ ሲጨምር 130 ብር ይገባል። በዓመቱ ንረቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ እንኳ ዕቃው 149 ብር ከ50 ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ቀንሷል፣ ዋጋው ግን ወጥቷል። ደመወዟ እዚያው ከቆመ እናትየዋ ኑሮ ከበዳት ማለቷ እውነት ነው።

«ያኔ ዶላር በ57 ብር ርካሽ ነበር» ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ለመሆኑ ለማን ነበር ርካሽ? በ57 ብር ለመግዛት ባንክ ወረፋ መያዝ ነበረበት። ወረፋው ደግሞ ለብዙው ነጋዴ አይደርስም። በጥቁር ገበያ ዶላሩ እጥፍ ገደማ ነበር። መርካቶ የሚሸጠው ብዙ ዕቃ ዋጋው የሚወጣው በዚያኛው ተመን ነው። ርካሹን ዶላር ያገኘ ሰው ልዩነቱን ኪሱ ያስገባል፤ ገዢው ግን ውዱን ይከፍላል።

ቡና ላኪው ያመጣው ዶላር በዝቅተኛው ተመን ይመነዘርበት ነበር። አንዳንዱ ቡናውን በኪሳራ ሸጦ፣ ባገኘው ዶላር ዕቃ ያስመጣና ኪሳራውን ከዕቃው ላይ ያወጣል። ከጂዳ ወይም ከዋሽንግተን ለእናቷ የምትልክ ልጅም በባንክ ብትልክ ግማሹ የቀረባት ያህል ይሰማታል። ስለዚህ በሌላ መንገድ ትልካለች፤ ባንኩ ይበልጥ ዶላር ያጣል።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «ታዲያ መለቀቁ ሁሉን ያስተካክላል» ይላል። ይህም ስህተት ነው። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ብዙ መድኃኒት የሚገቡት በመደበኛው ተመን ነበር። ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የእነዚህ ዋጋ በብር ሲሰላ እጅግ ከፍ አለ። የመንግሥት የውጭ ዕዳም የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ለአንድ ዶላር የሚያስፈልገው ብር በዛ። በፊት ከፋዩ ላኪውና ወረፋ ያልደረሰው ነበር። አሁን የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የሚገዛው ጡረተኛ ተጨመረ። እኔ ለውጡ አይቀሬ ነበር ባይ ነኝ። ግን ይህን ጡረተኛ ሳይጠቅሱ ለውጡን ማወደስ ልክ አይመስለኝም።

ድጎማን እንደ ነፃ ስጦታ ማየት

የነዳጅ ድጎማ ለሁሉም እኩል ሲሆን ብዙ የሚደርሰው ብዙ ለሚቀዳው ነው፤ ባለ ትልቅ መኪናው ከባለ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ይበልጥ ይደጎማል። ወጪው ደግሞ ከመንግሥት ካዝና ነው፤ ለጤና ጣቢያ ወይም ለመንገድ ሊውል የሚችል ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ እንዲነሳና ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ በቴሌብር እንዲሰጥ የተደረገውም ለዚህ ነው። ሆኖም ሽንኩርት የሚጭነው አይሱዙ በታለመው ድጎማ ውስጥ አልነበረም። ጭማሪው ዞሮ ድስት ውስጥ ይገባል።

«ንረቱን ብቻ ያቁሙልን» ማለት

በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ገንዘብ ሲያጥር ዋጋ መርገቡ አይቀርም። ግን ዳቦ ቤቱን ለማስፋት ብድር የጠየቀ ሰውም ባዶ እጁን ይመለሳል። ሊቀጥራቸው ያሰባቸው ልጆችም እንዲሁ።

የሕጉን ዓላማ እንደ ውጤቱ መቁጠር

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ ጭማሪንም ይቆጣጠራል። ቤት ውስጥ ላለው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በየስድስት ወሩ «ጨምር ወይ ልቀቅ» መባልን የቀመሰ ያውቀዋል። ያልተከራየው ግን ሌላ ሰው ነው። አከራይ ገና ሲያስገባ ከፍ አድርጎ ሊጠራ ይችላል፣ ወይም ሰርቪሷን ዘግቶ ሊተዋት ይችላል። ሥራ አግኝቶ በሚቀጥለው ዓመት ከሆሳዕና ወይም ከደሴ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ልጅ ስለዚህ ሕግ ስንከራከር አጠገባችን የለም።