ሼናንዶዋ ስትሄዱ የሲሲሲ ልጆችን ስራ እንዴት ታገኙታላችሁ

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ቅጠሉ ሲቀላ ሼናንዶዋ ፓርክ ትሄዱ የለ፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ስትነዱ ቪው ያለበት ጋ መኪናውን አቁሙና ዳር ዳሩን ያለውን የድንጋይ አጥር ጠጋ ብላችሁ እዩት። ኋላ የታደሰም አለው ግን መጀመሪያ የደረደሩት የሲሲሲ ልጆች ናቸው። ሲሲሲ (ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮርፕስ) ማለት በፈረንጆቹ 1933 ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ስራ ላጡ ወጣቶች የከፈቱት ፕሮግራም ነው፣ ካምፕ ገብተው ይበላሉ ይለብሳሉ፣ ዛፍ ይተክላሉ፣ ደሞዙ በወር 30 ዶላር ሆኖ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። ወር በደረሰ ቁጥር ለእናቴ ብር ስልክላት ይሄ ነገር ትዝ እያለኝ ልቤን ይነካኛል። ከዛ እዛው ፓርኩ ውስጥ ቢግ ሜዶስ ቪዚተር ሴንተር ጋ ሃውልታቸው አለ፣ ልጆቻችሁን እሱ ጋ አቁማችሁ ታሪኩን ንገሯቸው፣ ፕሮግራሙ በ1942 እስኪዘጋ 3 ሚሊዮን ገደማ ወጣት አልፎበታል።