የሱፐርማርኬት ቦታ አጥኚ ለመሆን ለሚሹ

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ሱፐርማርኬት ሊከፍት የተነሣ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ቦታ የሚመርጠው ደላላ ካሳየው ሕንፃ ነው። የቦታ አጥኚ ሥራ ግን የኪራይ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድን ጥያቄ በአኃዝ መመለስ ነው፦ መደብሩ እዚህ ቢከፈት በሳምንት የስንት ብር ሽያጭ ይኖረዋል? ለዚህ ኢኮኖሚክስ ወይም ጂኦግራፊ መማር ይጠቅማል፤ ሙያው የሚለመደው ግን በአመዛኙ በእግር ነው።

ልምምዱን በሥራ ላይ ባለ መደብር ይጀምሩ። ባለቤቱን አስፈቅደው ካሸሩ አጠገብ ይቁሙ፤ ገዢዎች ከየት ሰፈር፣ በምን ተጓጉዘው እንደመጡ ጠይቀው መነሻቸውን በካርታ ላይ በነጥብ ያስፍሩ። ይህን ዘዴ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ ያዳበረው አሜሪካዊው ዊሊያም አፕልባውም ነው። ከደንበኞቹ አብዛኞቹ የሚመጡበት አካባቢ የመደብሩ ዋና የገበያ ክልል ይባላል።

የክልሉን ስፋት በኮምፓስ ክብ እየሳሉ መገመት መሀል ከተማችን ላይ አያዋጣም። ቀላል ባቡሩ በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ጎዳናዎች እግረኛ የሚሻገረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት የሚታይ መደብር ለማዶው ነዋሪ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛ አስቤዛ የሚገዛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው፤ ስለዚህ ማታ ታክሲ የሚጫንበት የመንገዱ ወገን ጠዋት ከሚወረድበት ወገን ይበልጣል። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ዳቦና ወተት በፌስታል ይይዛል እንጂ የአምስት ሊትር ዘይት ተሸክሞ አይጋፋም። የእግረኛው ቁጥር ብቻውን ሽያጭን አይነግርም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሕዝብ ቁጥርንም በጥንቃቄ ይያዙ። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ ተነሥቷል፤ በመሆኑም በሰፈሩ የቀሩትን መኖሪያ ቤቶችና ቢሮዎች ራስዎ ቆጥረው መያዝ አለብዎት። ቆጠራው ደመወዝ በሚከፈልበትም በሌላውም ሳምንት፣ በጾምም በፍስክም ይደረግ። የሁዳዴ 55 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብም የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ሽያጭን ስለሚቀንሱ፣ በፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ብቻ የተሰበሰበ መረጃ የዓመቱን ሽያጭ አጋንኖ ያሳያል።

በግል ለማማከር ከመውጣትዎ በፊት በሱፐርማርኬት ወይም በአከፋፋይ ድርጅት ጥቂት ዓመታት ቢሠሩ እመክራለሁ፤ ትንበያን ከእውነተኛ ሽያጭ ጋር ማስተያየት የሚቻለው እዚያ ነው። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት የተለመደ ሂደት ነው። ከባዱ ገለልተኝነት ነው። በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች በመከፈቱ የጥናት ፈላጊው ዓይነት እየሰፋ ነው፤ ከአከራይና ከደላላ ኮሚሽን የሚቀበል አማካሪ ግን ለማንም አይጠቅምም። ክፍያዎ መልሱ «ይከፈት»ም ሆነ «አይከፈት» አንድ ዓይነት መሆኑ በውሉ ይጻፍ፤ ከፊሉንም በቅድሚያ ይቀበሉ። በሪፖርቱ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ግምት ከነመነሻቸው ያስቀምጡ፤ መደብሩ አንድ ዓመት ሲሞላውም የሽያጩን አኃዝ ለማየት የሚያስችልዎ አንቀጽ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ያስገቡ።